ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የትኛው ልማድ ይቅደም?

በጥቅምት ወር ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት

  እኔ የካንሰር ታማሚዎችን የምከታተል ነርስ ነኝ። ጡትን በራስ ስለመዳሰስ፣ ቶሎ ስለመመርመር በዚህ ወር ብዙ ይባላል፤ ይባልም ዘንድ ይገባል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶ፣ ኬሞው አልቆ፣ ጨረር ለታዘዘላትም ጨረሩ ተሰጥቶ፣ ሴትየዋ ካርዷንና የመድኃኒት ማዘዣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ ስላለው ኑሮ ነው።

ያ ቀን ደስታም ፍርሃትም አለበት። ለወራት ደሟ ሲመረመር፣ ሐኪም ሲያያት፣ ስሟ በተራ ሲጠራ የቆየች ሴት በአንድ ጊዜ ብቻዋን የቀረች ይመስላታል። «ከእንግዲህስ እኔ ምን ላድርግ?» ትላለች። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ስለ ምግብ ነው። ሥጋ ልተው? ወተት ይከለከላል? ስኳር ካንሰሩን ይቀልበዋል የሚሉት እውነት ነው? መጠየቋ ደግ ነው፤ ስለ ምግቡም እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን አጥብቄ የምለው አለኝ። ከሕክምና የወጣች ሴት ጉልበቷም ገንዘቧም የተመጠነ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ልማድ እንደሚቀድም ማወቅ አለባት። በብዙ ቤት የማየው ተገላቢጦሹን ነው። ለማር፣ ለጥቁር አዝሙድ፣ ከውጭ ለሚመጣ ዱቄት ብር ተበድረው የሚያወጡ ቤተሰቦች የታዘዘውን ኪኒን ሁለት ወር ሳይገዙ ይቀራሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ልማድ ኪኒኑን መዋጥ ነው። በአገራችን በ352 ታማሚዎች ናሙና ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ከመቶው 65ቱ ዕጢ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ዓይነቱ ዕጢ ታሞክሲፌን የሚባለው መድኃኒት በየቀኑ ይታዘዛል፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመት፣ ለአንዳንዷም እስከ ዐሥር ዓመት። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ተጣምረው ሲታዩ፣ መድኃኒቱን አምስት ዓመት የወሰዱ ሴቶች በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ያህል ቀንሷል። ጥቅሙ ኪኒኑ ከቆመም በኋላ ይቀጥላል። ይህን ያህል ነገር የሚያደርግ ምግብ እኔ አላውቅም።

ታዲያ ለምን ይቋረጣል? አንዷ ሙቀት እየለቀቀባት ሌሊት ነጠላዋ እስኪረጥብ ያልባታል፤ ለማን እንደምትነግረው ስለማታውቅ ዝም ብላ ትተወዋለች። ሌላዋ «ደህና ነኝ እኮ፣ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። የሦስተኛዋ መድኃኒት ቤት መድኃኒቱ ያልቅበታል፤ ሌላ ከተማ ሄዳ ለመግዛት የትራንስፖርት የላትም። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ አንድ ጥናት፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ለታማሚዎቹ ምክር እየሰጡ ሲከታተሏቸው በዓመቱ 70 በመቶ ያህሉ ኪኒናቸውን በሚገባ ሲወስዱ ተገኝተዋል። ይህ ክትትል ባልነበራቸው ዘንድ ግን ቁጥሩ ከግማሽ በታች ነበር። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው «ዋጥሽ ወይ? ምን አስቸገረሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ነርስ መሆን አያስፈልግም። ባል፣ ልጅ፣ ጎረቤት ይችላል።

ኪኒኑን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር አያይዙት። ማታ ከጸሎት በፊት ሊሆን ይችላል፣ ጥርስ ሲቦረሽ ሊሆን ይችላል። ለጾም ብላችሁ አታቋርጡት። ታሞክሲፌን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ በጾም ወራት ማታ ከእራት በኋላ፣ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ሊሆን ይችላል። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ። ነገር ግን ማንም ሰው «እምነትሽ ሙሉ ከሆነ መድኃኒቱን ጣይው» ቢላችሁ አትስሙት። በኤች አይ ቪ ጊዜ ይኸው ክርክር ተነሥቶ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ለእኛም ያው ነው።

እዚህ ላይ ለወጣቶቹ እኅቶቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ በአገራችን የጡት ካንሰር የሚይዛቸው ሴቶች ብዙዎቹ በአርባዎቹ ውስጥ ናቸው፣ ሠላሳም ያልሞላቸው አሉ። ታሞክሲፌን እየወሰዱ ማርገዝ ለጽንሱ አደገኛ ነው። የወር አበባ ቢቀርም እርግዝና ሊኖር ይችላል። በየሦስት ወሩ የሚወጉት የወሊድ መከላከያ መርፌ ግን ሆርሞን ስላለው የጡት ካንሰር ላገኛት ሴት አይመከርም። ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይም ኮንዶም አለ። ይህን ሐኪም ፊት ማንሣት ያሳፍራል እያሉ ዝም የሚሉ አሉ፤ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ሁላችሁም ደግሞ ኪኒኑን እየወሰዳችሁ፣ ካረጣችሁ በኋላ ደም ብታዩ፣ ወይም አንድ እግራችሁ አብጦ ቢያማችሁ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።

ሁለተኛው መንቀሳቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የጡት ካንሰር የያዛቸውን 2,987 ነርሶች ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት በመካከለኛ ፍጥነት የመራመድ ያህል የሚንቀሳቀሱት፣ ከማይንቀሳቀሱት ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እውነቱን ለመናገር ይህ በመከታተል የተገኘ ውጤት ነው። ቀድሞውንም ጤናዋ የተሻለ ሴት ብዙ ትራመድ ይሆናል፤ ስለዚህ ግማሹን ሁሉ ለእግር ጉዞው መስጠት አይቻልም። ሌላው ጥቅሙ ግን ብዙ ጊዜ ተፈትኖ የታየ ነው። ከኬሞ በኋላ የሚቀረው ድካም፣ ያ እንቅልፍ ተተኝቶም የማይለቀው፣ በመተኛት ሳይሆን በመንቀሳቀስ ይቀንሳል። ቤተሰብ «ተኚ፣ እረፊ፣ አትነሺ» የሚለው በፍቅር ነው፤ ወር ካለፈው ግን ፍቅሩ ጡንቻዋን ያቀልጠዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። ከሕክምና የወጣች ሴት ከቤቷ እስከ ሱቁ ደርሳ በመመለስ ትጀምር፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለት ቤት ትጨምር። እየተራመደች ማውራት ከቻለች፣ መዝፈን ግን ካቃታት፣ ፍጥነቱ ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሟ ያነሰ ሴት ዳገቱ ያስቸግራታልና መጀመሪያ ሜዳውን ትምረጥ። ታክሲ የምትይዝ አንድ ፌርማታ ቀድማ ትውረድ። መንገዱ ለመኪና በሚዘጋበት እሑድ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በተጀመረው የ«መንገድ ለሰው» ቀን፣ ቤተሰቡ ሁሉ አብሯት ይውጣ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ነው የምውለው፣ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። እውነት አላቸው። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ገበያ በእግሯ የምትሄድ የገጠር ሴት ይህ ምክር ብዙም አይመለከታትም፤ የሚያስፈልጋት ሸክሙን የሚካፈላት ሰው ነው። የከተማ ቤት ውስጥ ሥራ ግን ብዙው ጎንበስ ቀና እየተባለ አንድ ቦታ ተቁሞ የሚሠራ ነው፤ ያደክማል እንጂ ልብን ሞቅ አድርጎ አያሠራም። ሌላው የሚይዛቸው «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ፀጉሯ ገና ያልበቀለ፣ አንድ ጡቷ የተወሰደ ሴት ሰፈሯ ውስጥ መታየት ይከብዳታል። ይህን ለማቅለል የማውቀው አንድ መንገድ ሁለት ሆኖ መውጣት ነው። የምታምናት ጎረቤት ጠዋት በሯን ታንኳኳላት።

አሁን ስለ እጅ ልናገር፤ እዚህ ላይ ጊዜ ብወስድ ይቅርታ፣ ብዙ ሴት የምትሠቃይበት ነውና። ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ ከብብት ሥር ያሉ ንፍፊቶች ይወጣሉ። እነሱ ከእጅ የሚመለሰውን ፈሳሽ ያሳልፉ ስለነበር፣ ከወጡ በኋላ እጅ ሊያብጥ ይችላል፤ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ውስጥ። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንድ እናት መጡ። ግራ እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። ነጠላውን ሲያነሡት ከክርናቸው በታች ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ቀለበታቸው ከጣታቸው አልወጣ ብሎ ሥጋው ላይ ሰምጧል፤ ከእጅ አንጓቸው ከፍ ብሎ የምጣዱ አክንባሎ የለበለባቸው የጣት ርዝመት ጠባሳ አለ፣ ዙሪያው ቀልቶ ይፋጃል። ትኩሳት ነበራቸው። ትንሿ ቃጠሎ በር ሆና ጀርም ገብቷል። ያበጠ እጅ ጀርምን ለመከላከል ደካማ ነው። «ልጄ፣ እጅሽን ጠብቂ ትሉኛላችሁ። እጄን አስቀምጬ ልጆቼ ምን ይብሉ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ «ጠብቂ» ብሎ መመለስ ምክር አይደለም። ቀለበቱ ተቆርጦ ወጣ፣ የጀርም መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ከዚያ ስለ ምጣዱ ተነጋገርን። አክንባሎውን በደህናው እጅ ማንሣት። እስከ እጅ አንጓ የሚደርስ ወፍራም የጥጥ እጅጌ መልበስ፤ ናይሎን ሙቀት ሲነካው ይጣበቃልና አይሆንም። ከእሳቱ አጠገብ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰዓት አለመቆየት፣ ሊጡን ልጅ እንዲያቀርብ ማድረግ። ብትቃጠሉ፣ ብትቆረጡ፣ እሾህ ቢወጋችሁ ወዲያው በውኃና በሳሙና ታጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን። ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ወይም ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ፤ ቀጠሮ መጠበቅ የለም።

ድሮ «በዚያ እጅሽ ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ ዕድሜ ልክሽን» ይባል ነበር፤ ዛሬም የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይህን ለውጦታል። እጃቸው ያበጠባቸውን 141 ሴቶች ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ በባለሙያ እየታዩ፣ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ እየጨመሩ ክብደት እንዲያነሡ አደረገ፤ ሲሠሩም እጃቸው ላይ በልክ የተሠራ ጠበቅ ያለ እጅጌ ያጠልቁ ነበር። በዓመቱ እጃቸው ከሌሎቹ ይበልጥ አላበጠም፤ እብጠቱ የሚባባስባቸውም ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። ቁም ነገሩ «ቀስ በቀስ» የሚለው ነው። ስድስት ወር ያረፈ እጅ በአንድ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ቢሸከም ይጎዳል። ቁስሉ ከዳነና ሐኪም ከፈቀደ በኋላ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ ጀምሩ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ዐሥር ዐሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ሳያምና ሳያብጥ ካለፈ ወደ አንድ ሊትሩ እለፉ። እጃችሁ ከበዳችሁ፣ ቀለበት ወይም የእጅ ሰዓት ከጠበበባችሁ አቁማችሁ ታዩ። እብጠት በጊዜ ሲያዝ ብዙ ነገር ይቻላል።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ከምግብ በፊት ክብደት አለ። ኬሞ ሁሉንም ያከሳል ብለን እንጠብቃለን፤ ብዙ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ግን ይወፍራሉ። ለማስታወክ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ የወር አበባ በድንገት ይቋረጣል፣ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ጡንቻ ይጠፋና በቦታው ስብ ይተካል። በላዩ ላይ እኛ አለን። በቅቤ የራሰ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የበግ መረቅ እየያዝን እንገባለን፤ ስትወፍር «ተመስገን፣ ዳነች» እንላለን። ፍቅራችንን ማንም አይነቅፍም፤ ግን ከሕክምና በኋላ የሚጨምር ክብደት ልብን ይጎዳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ የእጅ እብጠትንም ያብሳል፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላቸው ሴቶችም በሽታው ሲመለስባቸው ይበልጥ ይታያል። በተቃራኒው ከስታ፣ ደሟ አልቆ የመጣች ሴት «ቀንሺ» መባል የለባትም፤ ለእሷ እንቁላሉም ሥጋውም ገንፎውም መድኃኒቷ ነው። ስለዚህ አንዷ የሰማችውን ምክር ሌላዋ ሳትመዘን አትውሰደው።

ስኳር ካንሰርን ይቀልባል ለሚለው፦ የሰውነታችን ሴል ሁሉ ስኳር ይጠቀማል፤ ስኳር ስለተዋችሁ ዕጢ በረሃብ አይሞትም። ሦስት ማንኪያ የሚገባበት ቡናና ሻይ፣ በቀን ሁለት ለስላሳ ግን ያወፍራል፤ መቀነስ የሚገባው ለዚህ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ይጠቅማል፤ ተአምር ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት 3,088 ሴቶችን አሳትፎ፣ ግማሾቹ ከተለመደው ምክር በጣም የበለጠ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበሉ አደረገ። ከሰባት ዓመት በላይ ተከታትሎ በሁለቱ ወገን መካከል በሽታው በመመለሱም ሆነ በሞት ልዩነት አላገኘም። ይህን የምነግራችሁ ጎመን እንድትንቁ አይደለም። ውድ ጭማቂ መግዛት ስላልቻለች በራሷ የምትፈርድ ሴት እንዳትኖር ነው።

የአኩሪ አተር ነገርም ብዙ ይጠየቃል፤ «ሆርሞን አለው ተባልሁ፣ ከጤፉ ጋር ያስፈጨሁትን ጣልሁት» ያለችኝ አለች። በቻይና ሻንጋይ 5,042 ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት፣ አኩሪ አተር በምግባቸው ውስጥ አዘውትረው የሚበሉት ላይ ጉዳት አላየም፤ እንዲያውም በሽታው የተመለሰባቸው ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። በምግብነት ብሉት፤ በኪኒን የታሸገውን ግን ተዉት።

ደግነቱ የጾም ገበታችን መልካም መሠረት ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ጤፍ፤ አንድ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ የሚጾመውን ከቆጠርን የዓመቱ እኩሌታ ነው። የሚያበላሸው ዘይቱ ነው። ወጡ ላይ ተንሳፍፎ የሚታየውን ዘይት በግማሽ ቀንሱት፤ ሽንኩርቱን በውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለው፣ እንደገና ጨው አትጨምሩ፤ አንዳንዱ የኬሞ መድኃኒት ልብን የሚነካ ስለሆነ የደም ግፊት ነገር ይመለከታችኋል። በሕክምና ላይ ያላችሁና ያልጠነከራችሁ ግን ስለ ጾሙ የነፍስ አባታችሁን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። አልኮል የጡት ካንሰርን ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም፣ ለደም ይሆናል የሚባለው ወይንም። ብትተዉት እመርጣለሁ።

ስለ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዳማከሴ ብዙ አልልም። በምግብና በሻይ መጠን የለመዳችሁትን ማንም አይከለክላችሁም፤ ተጨምቆ ወፍሮ እንደ መድኃኒት የሚጠጣውን ግን ለሐኪማችሁ ሳታሳዩ አትውሰዱ፤ ጉበትን የሚጎዳ፣ ከኪኒኑ ጋር የሚጋጭ አለና። በታሞክሲፌን ፋንታ ሌትሮዞል ወይም አናስትሮዞል የሚባሉትን ኪኒኖች የሚወስዱ አጥንታቸው ሊሳሳ ስለሚችል ፀሐይ ይሙቁ፣ ወተትና ጎመን አይለዩአቸው፣ ይራመዱ።

ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ ከተጫነ አይሆንም። ወንድሞቼ፣ እናንተን ነው። ሚስትህ ዘይት ትቀንስ እያልህ ለአንተ ለብቻ ቅባት ያለው ወጥ እንድትሠራ የምትጠብቅ ከሆነ፣ በሁለተኛው ሳምንት ትታዋለች። ልብስ ማጠቡን፣ ውኃ መቅዳቱን፣ ገበያውን ለመንቀሳቀስ ጊዜ እንድታገኝ ከእጇ ውሰዱላት። ደግሞ በሽታው ቢመለስ «ስላልተራመደች ነው፣ ስኳር ስለበላች ነው» ብሎ መውቀስ ኃጢአት ነው። ሁሉን አድርጋ የሚመለስባት አለች፤ ልማዱ ዕድልን ያሻሽላል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

የመጨረሻው ክትትል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ዓመታት በየስድስት ወሩ ወይም በዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ መታየት ያስፈልጋል። የቀረው ጡት በየዓመቱ ማሞግራፊ ይነሣ። ምንም ሳያማችሁ ሙሉ ሰውነታችሁን በሲቲ ስካን ለማስነሣት ከብት አትሽጡ፤ ዕድሜ እንደሚጨምር አልታየም። ይልቁንም በጠባሳው ወይም በብብት አዲስ እብጠት፣ ሳምንታት የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይተው ራስ ምታት፣ የዐይን ቢጫ መሆን ካያችሁ ያን ጊዜ ቶሎ ኑ። ቀጠሯችሁን በካርዱ ላይ በኢትዮጵያም በፈረንጅም ቀን አጽፉ፤ በቀን መቁጠሪያ ልዩነት ብቻ ቀጠሮ ያለፋቸው ብዙዎች ናቸው።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። በሰው ፊት ለማንሣት የሚከብድ ካለም ከዚህ በኋላ በግራ በኩል ባለው ክፍል እቆያለሁ፤ ኪኒናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አብረን እናየዋለን።